እትዬ ዛሬ ምን ሸተታት?

ኅዳር 6

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን። እናትሽ እግሯ ያው እንደምታውቂው ነው፤ ከወገቧ በላይ ግን ጎረምሳ ናት። አልጋ ላይ መውጣትና መውረድ ስላስቸገራት ፍራሿን መሬት ላይ አንጥፌላታለሁ። እዚያው ተኝታ ቤቱን በምላሷ ታስተዳድራለች። "አፍንጮ፣ በሩን ዝጋ! አፍንጮ፣ ውሃ አምጣ!" እያለች በዚህ ዕድሜዬ እንደ ረዳት ታሯሩጠኛለች። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ታላቅ እህት ናት።

የላክሽልኝ የጋዝ መጥበሻ በሰላም ገብቷል። ሲሊንደሩን ከዚህ ገዝቼ ገጠምኩት። ጡረታ የወጣ ሹፌር ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ላይ ከሚያፈጥ ብዬ ከአጥሩ በር ላይ ዶሮ መጥበስ ጀመርኩ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ይሰለፍልኛል ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንዳንዱ የድሮ ተሳፋሪዬ ነው፤ "ጋሼ፣ ዛሬ ወዴት ነው የምንሄደው?" እያለ ይቀልድብኛል።

ከግቢው ዳር ያለችውን ክፍል ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይተናል። ሲጋራ ከአፉ አይለይም እንጂ ጨዋ ሰው ነው። የቅጽል ስሜን ከእናትሽ ሰምቶ "አፍንጮ ያሉዎት ለምንድን ነው? አፍንጫዎ እንደሁ ያን ያህል አይደለም" አለኝ። እኔ ደግሞ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሳጣ ነው የምከሳው። ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ያ ትልቁ ቁልቁለት ላይ ሳልደርስ የፍሬን ሸራ ሲቃጠል እንደሸተተኝ፣ ረዳቱ "ምንም የለም፣ ንዳ" እያለኝ አውቶቡሱን ዳር እንዳቆምኩ፣ ጎማው ሲወልቅ ፍሬኑ አሮ እንደተገኘ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አፍንጫዬን እንደሳመኝ። የሳሙኝ አንድ ሁለቱ ናቸው፤ ለሰፊው ግን ሁሉም ብዬዋለሁ።

በክረምቱ የያዘኝ ያ ክፉ ጉንፋንም ለቆኛል። ብቻ የምግብ ጣዕም ገና አልተመለሰልኝም፤ ዶሮው ካርቶን ካርቶን ይለኛል። ደንበኞቼ ግን ጣታቸውን ይልሳሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የጋዙ ጎማ አጥሮብኛልና ረዘም ያለ ፈልጊልኝ። የማዶው ብረት በያጅ ደጅ ያሳደረውን ሲሊንደር ሌባ ወስዶበታል። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ የኔን ሲመሽ ደህና ቦታ አስገባዋለሁ።

ከክፉ ይሰውርሽ። እትዬ ጉንጭሽን ስማለች።

አጎትሽ


ኅዳር 28

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ፣ ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ምስማር የሚመዘንበት ሚዛን አጠገብ ቆሜ ሳነበው ስቄ ስቄ አለቃዬ ተቆጣችኝ።

አሁን ግን አልስቅም። "ደህና ቦታ" ያሉት የት ነው?

የምሠራበት የግንባታ ዕቃ መደብር ሲሊንደርም ይሸጣል። ግን አንድም ቀን ከበር ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ውጭ፣ በሽቦ በታጠረ ሣጥን ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ተቆልፎበት ነው የሚያድረው። አንድ አዲስ ሻጭ ዝናብ እንዳይመታው ብሎ አንዱን ወደ ውስጥ ቢያስገባ አለቃዬ በጥርሷ አልበላችው እንጂ ሌላው አልቀረም።

ባለፈው አንድ ሰው በር ሊገዛ መጣ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ጎድሎብኝ ሳየው ቆየሁና ቅንድብ እንደሌለው ገባኝ። ልኩን ለማወቅ "የድሮው በር የት አለ?" ብለው "የጎረቤት ጣሪያ ላይ" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። መጥበሻውን ከነሲሊንደሩ ጓዳ ውስጥ አሳድሮት ጠዋት ሻይ ሊያፈላ ክብሪት ሲጭር ነው የፈነዳበት። ስለ ሚስቱ ጠየቅኩት፤ የበሩን እጀታ መምረጥ ጀመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲሊንደር ባየሁ ቁጥር ያ ሰውዬ ይታየኛል።

ጋሼ፣ ይህን መጥበሻ የላክሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይታዘዙኝ። ሲሊንደሩ ውጭ ይደር፤ በሰንሰለት ይታሰር። ፀሐይ አያግኘው። አያስተኙት፣ አያንከባልሉት። ጠብሰው ሲጨርሱ ከራሱ ከሲሊንደሩ ላይ ይዝጉት። ማያያዣውንም በእጅዎ ብቻ ያጥብቁት፤ መፍቻ ካገኘው ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ትጨፈለቅና ያፈሳል። በየጊዜው ደግሞ የሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል።

ጎማውን እልካለሁ። ግን መጀመሪያ የት እንደሚያድር ይጻፉልኝ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለአዲሷ አለቃዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ትእዛዝሽ ደርሶኛል። ዕድሜ ልኬን ስልሳ ሰው ጭኜ ገደል ለገደል የነዳሁትን ሰውዬ ሲሊንደር አያያዝ ታስተምሪኛለሽ! ይሁን፣ የተማረ ይግደለኝ።

ከፀሐይ አርቀው አላልሽም? አርቄዋለሁ። ቤት ውስጥ ጥላ ነው። ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር ቆሟል። የመፍቻውን ነገር ግን ለኔ ተይልኝ። ያልጠበቀ ቡሎን ስንቱን እንደፈጀ አውቃለሁ፤ ጥርሱ እስኪነክስ ነው ያጠበቅኩት። ደግሞ ይህን ሁሉ ፍርሃት ምን አመጣው? ቢያፈስ እኔ ሳልሸተው ማን ሊሸተው ነው? አፍንጮ እኮ ነኝ!

እናትሽ ትንሽ እያስቸገረችኝ ነው። ሰሞኑን "የበሰበሰ እንቁላል ይሸተኛል" ብላ ድርቅ አለች። ቤት ውስጥ እንቁላል የሚባል ነገር የለም። ቅርጫቱን ደፋሁ፣ ጓዳውን አጠብኩ፣ ሰፊውን እንኳ "ካልሲህን አውጥተህ አስጣው" ብዬ አስቀየምኩት። እኔ ምንም አልሸተተኝም። እሷ ግን ያው ነው፤ "አፍንጮ፣ ይሸተኛል። ራሴን ያመኛል።" እርጅና ነው ልጄ። ሰው ሲያረጅ የሌለ ነገር ያያል ይባል ነበር፤ ለካ የሌለ ነገርም ያሸታል። ብርዱ ስለጠና መስኮቷን ዘግቼ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፌላታለሁ፤ ራስ ምታቱ ከንፋሱ ይሆናል ብዬ።

ሥራው ደህና ነው። ባለፈው ብቻ አንድ መጥበሻ ሙሉ ዶሮ ከሰል ሆኖብኛል። ዞር ብዬ ከደንበኛ ጋር ሳወራ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው ያወቅኩት። ደንበኛው "ጋሼ፣ አፍንጫዎን የት ጥለውት ነው?" አለኝ። አልሳቅኩም።

ጎማውን ተዪው። በምትኩ ጠንካራ ሰንሰለትና ቁልፍ ከመደብራችሁ ላኪልኝ።

ቸር ያቆይሽ።

አጎትሽ


ጥር 9

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን አሉ? ሰንሰለቱን ዛሬውኑ ልኬያለሁ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ግን ቀለም ስቀዳ ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ሰው አውቆ እንዲሸሽ ብለው ሽታ የሚጨምሩበት ሲሞሉት ነው። ያ ሽታ ምን ይመስላል ቢሉኝ፣ የበሰበሰ እንቁላል ነው የምልዎት።

ደግሞ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። እርስዎ ቆመው ስለሚሄዱ ላይሸትዎ ይችላል። እማዬ መሬት ላይ ናት። ለዚህ ይሆናል እሷን ብቻ የሚሸታት። የእርስዎን አፍንጫ ተጠራጥሬ አይደለም።

ግን ልጠይቅዎ። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ሽታ ሁሉ እንደ ድሮው ይመጣልዎታል? ጣዕም አልተመለሰልኝም ብለውኝ ነበር። ዶሮው ሲያርም አልሸተተዎትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ብቻ ልቤ አላርፍ አለኝ።

ሲሊንደሩ የሚያድርበትን ክፍል ሁለት ጊዜ ጠየቅኩዎት፣ ሁለቴም አለፉኝ። ጋሼ፣ የማን ክፍል ነው? የማንም ይሁን፣ ዛሬ ያውጡት። ነገር ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። መስኮቱን ይክፈቱ፣ ጨርቁን ከበሩ ሥር ያንሱት። ይብረዳት። ብርድ ልብስ እልካለሁ።

በሞቴ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፤

ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን።

አልደብቅሽም፣ ደብዳቤሽ አስቀይሞኛል። አፍንጫህ ሞቷል ለማለት ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግሽም ነበር። እኔ በዚህ አፍንጫ ነው ስሜን ያገኘሁት። ሰው በስሙ ሲመጡበት ይከፋዋል።

የት ነው ላልሽው፣ እናትሽ ክፍል ነው። ይኸው ተናገርኩ። ከፍራሿ ግርጌ አቁሜዋለሁ። ከእሷ የተሻለ ዘበኛ ከየት አመጣለሁ? ቀን ከሌት እዚያው ናት፣ ዝንብ ስትገባ ትነቃለች። ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ፤ እሷም የውሃ ብርጭቆዋን አናቱ ላይ ታስቀምጥበታለች። ለምደውታል።

ያልሽውን ሳላጣራ ደግሞ አልቀረሁም። መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው አላልሽም? በሆዴ ተኝቼ ክፍሉን ጥግ ለጥግ እንደ ውሻ አሸተትኩት። እናትሽ "ምን ጠፋህ?" ብላ ሳቀችብኝ። ምንም የለም። ያም አልበቃኝም። ማያያዣውን ፈትቼ፣ አፍንጫዬን የሲሊንደሩ አፍ ላይ ደቅኜ መዝጊያውን ትንሽ ከፈት አደረግኩት። ሲነፋ ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ተሰማኝ። ሽታ ግን የሚባል ነገር የለውም! ገባሽ? ሽታ ይጨምሩበታል ያልሽው ያንቺ አገር ወግ ነው እንጂ የኛዎቹ ሳይጨምሩ ነው ሞልተው የሸጡልኝ። መልሼ በመፍቻ ጥርቅም አድርጌ ገጠምኩት።

ለዓይንሽ እንቅልፍ የሚሆን ወሬ ደግሞ አለኝ። እናትሽ ማማረሯን ትታለች። "አሁን አይሸተኝም፣ ጠፍቷል" ብላኛለች። እንዲያውም ሰሞኑን እንቅልፍ ለምዳለች፤ ቀትር ላይ ቀስቅሼ ነው የማበላት። ራሷን ትንሽ ያዞራታል እንጂ ጭቅጭቁ ቀርቶልኛል።

መንገዱን ሊቆፍሩት ነው። የጥጉ ሱቅ ስልክም የሰፈሩ መብራትም ይቋረጣል ተብሏል። እኔ ግን ሻማና ክብሪት በጊዜ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ምንም አትላኪልኝ። ጤና ይስጥሽ።

አጎትሽ


የካቲት 19

ጋሼ፣

ሰላምታ ለሌላ ጊዜ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሰው ዛሬ ይሳፈራል፤ እጅህ ላይ ሳያደርስ ቤቱ እንዳይገባ አስምዬዋለሁ። የጥጉን ሱቅ ስልክ ስደውል ዋልኩ። አይጠራም።

ጋሼ፣ ሻማ እንዳትለኩስ! ክብሪት እንዳትጭር!

የከፈትከው ሲሊንደር ሽታ ነበረው። አፍንጫህን ደቅነህበት ካልሸተተህ አፍንጫህ አያሸትም። አትቆጣኝ፣ ወይም ተቆጣኝ፣ ግን እመነኝ። እማዬ አይሸተኝም ያለችው ስለጠፋ አይደለም። አለቃዬን ጠየቅኳት፤ አፍንጫ ይደክማል አለችኝ። አብሮት የሰነበተውን ሽታ ይተወዋል። እንቅልፍ የምትለው እንቅልፍ አይደለም። ደብዳቤህን ሳነብላት አለቃዬ፣ ያቺ ቁጡ ሴትዮ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አውጣት! እሷን አስቀድመህ አውጣት። በሩንም መስኮቱንም ክፈት። የመብራት ማብሪያ አትንካ። ሰፊው ሲጋራውን ይጣል። ከዚያ ከግቢ ወጥታችሁ የእሳት አደጋ ሰዎችን አስጠራ።

ካላመንከኝ ዓይንህን እመን። የሳሙና አረፋ ቀባው። ሌላ ምንም አልለምንህም። ካልነፋ ውሸታም በለኝ፣ ዳግመኛ አልጽፍልህም።

እናቴን አደራ።


መጋቢት 8

ጋሼ፣

መልስ የለም። መልእክተኛው ደርሷል መባሉን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም።

ስልኩ አሁንም አይጠራም። ሥራ ቦታ የሽቦ ሣጥኑን ከፍቶ ሲሊንደር የማውጣት ተራ ሲደርሰኝ አለቃዬ ሌላ ሰው ትልካለች። አልነገርኳትም፤ ቁልፉን ይዤ ሣጥኑ ፊት ስቆም አይታኝ ነው። ያ ቅንድብ የሌለው ሰውዬ በሩ አልገጠመለትም ብሎ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ተደበቅኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ተረቱን ያወጣው ሰው አፉ በተዘጋ ኖሮ።

ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን ይላኩልኝ፤ በእጅዎ አድራሻው የተጻፈበት ይሁን እንጂ።

ልጅዎ


መጋቢት 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለነፍሴ፤

እናትሽ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። እኔም አለሁ። ይህ ደብዳቤ በስንት ቀኑ እንደሚደርስሽ አላውቅም፤ መንገዱ ተቆፍሮ ፖስታ ቤቱም አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። 

መልእክተኛሽ ሲመጣ ዶሮ እየገለበጥኩ ነበር። ከፈትኩትና "አንተ" የሚለው ዓይኔ ላይ ተሰካ። በሕይወትሽ አንተ ብለሽኝ አታውቂም። ደሜ ፈላ። "ያሳደግኳት ልጅ!" አልኩና ሳልጨርሰው አጥፌ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ክብሪቱ ያለበት ኪስ ነው።

ጠብሼ ጨርሼ፣ እንደልማዴ ሲሊንደሩን ወደ እናትሽ ክፍል መልሼ አቆምኩት። መብራት ጠፍቶ ነበር። መሸት ሲል ሻማ ላበራላት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ከኪሴ ክብሪቱን ሳወጣ ደብዳቤሽም አብሮ ወጣ። አንዷን እንጨት መዝዤ ይዤ ነበር። ወረቀቱን ለመዘርጋት ያቺን እንጨት እንደ ድሮ እርሳሴ ጆሮዬ ላይ ሰካኋትና፣ በቀረችው ብርሃን፣ በንዴት ጀመርኩት።

ሁለተኛ ሳነበው ንዴቱ አልነበረም። ይህች ልጅ አንቱታዋን የዘነጋችው ንቃኝ አይደለም አልኩ። ሰው እንዲህ የሚጽፈው ነፍሱ ስትጨነቅ ነው። ግን ትዕቢት መቼ በአንድ ቀን ይለቃል? ላሳፍራት ብዬ አሰብኩ። ምስክር ይዤ አረፋውን ቀብቼ፣ ምንም እንደሌለ አይቼ፣ ልጽፍልሽ።

ሰፊውን ጠራሁት። "ሲጋራህን ጥለህ ና" አልኩት፤ ሕጉን ማክበሬ ነው። በጢም መላጫ ብሩሼ የሳሙና አረፋ አዘጋጀሁና በሩን ከፈትኩ። ጨርቁን ከሥሩ በእግሬ ገፍቼ ስገባ ሰፊው ከኋላዬ ቆመ። አልተከተለኝም። "ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለኝ። አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ነበር። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ቆሌዬ የተገፈፈው ያኔ ነው።

ብርድ ልብሱን ገፍፌ አረፋውን አንገቱ ላይ ቀባሁት። ነፋ። አንዱ ፈንድቶ ሳይጨርስ ሌላው ይነፋል፤ ሕፃን ልጅ በምራቁ እንደሚጫወት ዓይነት። መዝጊያውን ጨበጥኩት፤ ዝግ ነው። ዝግ ሆኖ ነው የሚያፈሰው፤ በመፍቻዬ አንገቱን ሰብሬው ኖሯል። "እትዬ!" አልኩ። አልመለሰችም። "እትዬ! እትዬ!" አቃሰተች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም።

ከነፍራሿ ነው የጎተትናት። ሰፊው በራስጌ እኔ በእግር፤ ከበሩ ጋር ተጋጭተን፣ ብርጭቆው ወድቆ፣ ከግቢው አስወጥተን ከመንገዱ ማዶ አሳረፍናት። ሰፊው በሩን ክፍት ትቶ፣ መስኮቱን ከውጭ በርግዶ፣ የእሳት አደጋ ሰዎችን ሊጠራ ሮጠ። እኔ መንገዱ መሐል ቆሜ መንገደኛውን "እሳት እንዳትጭሩ!" እያልኩ እንደ እብድ ጮህኩ። የድሮ ተሳፋሪዎቼም ነበሩበት። ማንም አልቀለደብኝም።

ንፋሱ ሲነካት ቀስ በቀስ ነቃች። ብርድ ልብሷን ወደ አገጯ ሳብ አደረገችና ፊቷን አኮሳተረች። "አፍንጮ፣ ይህ ብርድ ልብስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል" አለችኝ።

ተቀብያት አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩት። አጥብቄ ሳብኩት። ሱፉ ጉንጬን ቧጨረኝ፤ ሌላ ምንም የለም። ልጄ፣ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። "አይሸተኝም እትዬ። ከጉንፋኑ ወዲህ አንድም ነገር ሸቶኝ አያውቅም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ወተቱ አጠገብህ አሮ ቤቱ ጭስ ሲሞላ አንተ ጋዜጣ ታነብ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልህ? በስተርጅናህ ስምህን ልቀማህ?"

ደግሞም፣ "አንተ ይህን ያህል ምንም የለም ስትለኝ፣ የኔው አፍንጫ ይሆናል የነተበው ብዬ ራሴን ጠረጠርኩ" አለች። እኔ ለስሜ፣ እሷ ለእኔ ብለን ዝም ስንባባል ጋዙ ከእግሯ ሥር ይነፋ ነበር።

የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ሲሊንደሩን ከቤት አወጡት፤ ክፍሉን በመሣሪያ ለክተው ደህና ነው እስኪሉ ማንንም አላስገቡም። እናትሽን ሐኪም አይቷታል፤ ንጹሕ አየር እንጂ ሌላ አላዘዘላትም። ሁሉም ካለፈ በኋላ ሰፊው ተጠግቶ ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ ጆሮዎ ላይ ክብሪት አለ" አለኝ። ረስቻት ነበር። ከጆሮዬ ላይ አውርጄ ሰጠሁት።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ማለት የእናትሽ ፋንታ ነው፣ እሷም "ዝም በልና ውሃ አምጣ" ብላኛለች።

አጎትሽ


መጋቢት 17

ለጋሼ፣ ለአንድዬ አጎቴ፤

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ፖስታውን ይዤ መክፈት አቃተኝ፤ አለቃዬ ናት የከፈተችልኝ። የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር አይታ "ተነፍሺ" አለችኝ። የቀረውን ሣጥኖቹ መሐል መሬት ላይ ተቀምጬ ራሴው አነበብኩት።

አንተ ስላልኩዎ ይቅርታ። ደግሜ አልልም። ክብሪቷን ግን ከዓይኔ ማውጣት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ። ከእንግዲህ ሲጽፉልኝ ሰላምታም ምርቃትም አያስቀድሙ። መጀመሪያ እማዬ ያን ቀን ምን እንደሸተታት ይጻፉልኝ። እሱን ሳላይ የቀረውን አላነብም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 5

እትዬ ዛሬ የሸተታት፦ ሌሊት ዝናብ የመታው አፈር፣ የሰፊው ሲጋራ፣ የሳሙና አረፋ፣ የኔ ካልሲ። ሌላ ምንም አልሸተታትም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።

አሁን ሰላምታ ይፈቀድልኛል? እንደምን ሰነበትሽ ልጄ?

ሐኪም አፍንጫዬን በመብራት አይቶ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ይህን እኔም አውቀው ነበር።

ብረት በያጁ እንደ መደብራችሁ ያለ የሽቦ ሣጥን ከአጥሩ ጥግ፣ ከቤቱ ራቅ አድርጎ ሠራልኝ። አዲሱ ሲሊንደር እዚያው ያድራል፣ ባንቺ ሰንሰለት ታስሮ። ሌባ ከፈለገው ይውሰደው። ማያያዣውን በእጄ ብቻ አጠብቃለሁ። መፍቻዬን ለሰፊው ሰጥቼዋለሁ፤ የመስፊያውን ቡሎን ያጥብቅበት።

ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም። ያ ፍሬን ያረ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ሌሊት ተነስቼ የእናትሽን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። መስኮቷ ክፍት ነው፤ "በብርድ ልትፈጀኝ ነው" ትለኛለች፤ ትበለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዶሮ ከመጥበሴ በፊት፣ ከነወንበሯ ተሸክሜ መጥበሻው አጠገብ አወጣታለሁ። ሲሊንደሩን እከፍታለሁ፣ አረፋውን እቀባለሁ፣ ሁለታችንም እናየዋለን። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታሸታለች። ደንበኞቼ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አንዱም አይቸኩልም፣ ወሬውን ሰምተውታል። እኔ ክብሪቱን ይዤ እቆማለሁ። "ጫር፣ አፍንጮ" ስትለኝ ነው የምጭረው።

አጎትሽ